የቀልባ ድልድይ ሦስት ሴቶች

በአንድ ወቅት፣ ቀልባ ከሚባል ወንዝ አጠገብ ባለ የምህንድስና ኮሌጅ ውስጥ ሲቪል ምህንድስና የጀመሩ አሥራ አንድ ሴቶች ነበሩ። አብረዋቸው የገቡት ወንዶች ከመቶ ይበልጣሉ። አምስተኛ ዓመት ላይ ሲደርሱ ከአሥራ አንዱ ሦስት ቀሩ። ስምንቱን ማንም በግልጽ አላባረራቸውም። አንዷ አገባች። ሁለቱ «ይህ የወንድ ትምህርት ነው» ሲባሉ ከርመው ወደ ሌላ ክፍል ተዛወሩ። አንዷ፣ ወርክሾፑ የሴት መጸዳጃ ስለሌለው ውሃ ሳትጠጣ እየዋለች ኩላሊቷን ታማ ወደ ቤቷ ተመለሰች። አራቱ እንዴት እንደሄዱ ያስተዋለ እንኳ የለም፤ አንድ ቀን ስማቸው ሲጠራ «አቤት» የሚል ጠፋ።

የቀሩት ሦስቱ በአንድ ዶርም ያድሩ ነበር። ዘርፌ፣ ትርሲትና መይራም ይባላሉ።

ዘርፌ የሸክላ ሠሪ ልጅ ናት። በተወለደችበት አገር ሸክላ የሚሠራ ቤተሰብ ከሌላው ጋር አይጋባም፤ ለቅሶ ሲደርስ እንኳ ከደጅ ነው የሚቀመጠው። ኮሌጅ ስትገባ ይህ ነገር ከኋላዋ የቀረ መስሏት ነበር። ነገር ግን ሁለት የአገሯ ልጆች እዚያው ይማሩ ስለነበር ወሬው ቀድሟት ደረሰ። በምግብ አዳራሹ እሷ የጠጣችበትን ኩባያ ለይተው የሚያስቀምጡ አልጠፉም። የመስክ ሥራ ቡድን ሲመሠረት የሚመርጣት ስለሌለ ሁልጊዜ በመምህሩ ትእዛዝ ነበር የምትደለደለው።

ትርሲት የከተማ ልጅ ናት። አባቷ መንገድ ሲሠሩ የኖሩ መሐንዲስ ሲሆኑ፣ ከክፍሉ ኃላፊ ከመምህር ጥላዬ ጋር በአንድ ወንበር ተምረዋል። ስለዚህ እሷን የሚንቅ አልነበረም። ነገር ግን ጥሩ ውጤት ባመጣች ቁጥር «አባቷ ሠርተውላት ነው» ይባላል። በአምስት ዓመት ውስጥ አንድም ሥራ የራሷ ተብሎላት አያውቅም።

መይራም ከአፋር ናት። የሰባት ዓመት ልጅ ሳለች አዋሽ በአንድ ከሰዓት በኋላ ሞልቶ ታላቅ እህቷን ወስዶባታል። ምህንድስና የመረጠችው በዚያ ምክንያት ቢሆንም ለማንም አልተናገረችም። አማርኛዋ ገና ስለነበር ወንዱን «አንቺ»፣ ሴቷን «አንተ» ስትል ክፍሉ ይስቃል፤ እየቆየች መናገር ተወች። መስክ ሲወጡ የእሷ ሥራ ወንዶቹ የለኩትን ቁጥር መጻፍ ነበር። ከባድ ገመድ የሚወጠርበትን ዊንች ሴቶች እንዳይነኩት ተከልክሏል፤ ለራሳቸው ደኅንነት ነው ይባላል። መይራም ግን የመሣሪያ ቤቱን ጠባቂ ለምና፣ እሁድ እሁድ ዊንቹን ስትወጥርና ስታላላ ትውል ነበር።

ከኮሌጁ ግማሽ ሰዓት በእግር ተሂዶ፣ በቀልባ ላይ የተዘረጋ ተንጠልጣይ ድልድይ ይገኛል። በብረት ገመድ የተያዘ የጣውላ ድልድይ ነው። ማዶ ያሉት የሰባት ቀበሌ ሰዎች ወደ ገበያ፣ ወደ ጤና ጣቢያም የሚሻገሩት በእሱ ነበር። ድልድዩን የመከታተል ሥራ ለኮሌጁ የተሰጠ ስለሆነ የአምስተኛ ዓመት ተማሪዎች የመስክ ልምምዳቸውን እዚያ ይሠራሉ።

በጥቅምት ወር ዘርፌ ከማዶ በኩል ገመዶቹ የታሰሩበትን ትልቅ የኮንክሪት ብሎክ እንድታጠና ተመደበች። ከብሎኩ ሥር አፈር አወጣች። በጣቷ አሸችው፤ እንደ ክር አቅጥና ጠቀለለችው፤ ጣቷ ላይ ብትጠመጥመው አልተሰነጠቀም። ልጅ ሳለች ጀምሮ የምታውቀው አፈር ነው። ሲደርቅ እንደ ድንጋይ ይጠነክራል፤ ውሃ ሲጠጣ ደግሞ ይንሸራተታል። ዘርፌ በዚህ ብቻ አልተወችውም። ወደ ላቦራቶሪ ወስዳ መዘነችው፣ አጠበችው፣ አደረቀችው፤ ሦስት ሳምንት ፈጀባት። ከዚያ ዐሥራ ስምንት ገጽ ሪፖርት ጻፈች። ብሎኩ የቆመበት መሬት ብዙ ዝናብ ቢጠግብ እንደሚከዳው፣ ነገር ግን ከብሎኩ ጀርባ ጥቁር ዐለት ስላለ በሌላ ገመድ ወደ ዐለቱ ቢታሰር እንደሚድን በሥዕልና በስሌት አሳየች።

መምህር ጥላዬ ሪፖርቱን ክፍል ውስጥ ይዘው ገቡ።

«ዘርፌ፣ ‹ይህ አፈር እናቴ ገንቦ የምትሠራበት ዓይነት ነው› ብለሽ ጽፈሻል።»

«አዎ፣ መምህር።»

«ይሄ የሸክላ ገበያ አይደለም። መልሰሽ ሥሪው።»

ክፍሉ ሳቀ። መምህር ጥላዬ ክፉ ሰው አልነበሩም፤ በዘመናቸው ዐሥራ አራት ድልድይ ሠርተዋል፣ አንዱም አልወደቀም። ይሁን እንጂ ከዚያች ዓረፍተ ነገር ወዲያ አላነበቡም። ዘርፌ ሪፖርቱን ይዛ ዶርም ገባችና ከአልጋዋ ሥር ባለው ሣጥን ውስጥ ከተተችው። መልሳ አልሠራችውም። ለዲኑም፣ ለወረዳውም፣ ለሚሻገሩትም ሰዎች አልተናገረችም። አራት ወር ዝም አለች። በእነዚያ አራት ወራት በየገበያው ቀን ሰዎች በድልድዩ ላይ ይመላለሱ ነበር።

በየካቲት ወር አንድ ቅዳሜ ዘርፌ ልብስ ልታጥብ እንደወጣች፣ ትርሲት ክፍት ሆኖ በተረሳው ሣጥን ውስጥ ሪፖርቱን አየችው። ዘርፌ የተሳቀባትን ቀን ታስታውሳለች። ቁጭ ብላ እስከ መጨረሻው አነበበችው። ዘርፌን አልጠየቀቻትም። በዚያው ሳምንት ሙሉውን ገለበጠችው። ሁለት ነገር ብቻ ለወጠች፦ ስለ እናትየዋ ገንቦ የሚለውን ዓረፍተ ነገር አወጣች፣ በዘርፌ ስም ቦታ የራሷን ስም ጻፈች። ከዚያ ለመምህር ጥላዬ ሰጠች።

መምህሩ ጮክ ብለው ለክፍሉ አነበቡት። «የአባትሽ ልጅ ነሽ» አሏት፤ የክፍሉን ከፍተኛ ውጤትም ሰጧት። በማግስቱ ራሳቸው ወደ ድልድዩ ወረዱ። ወረዳው ተጠራ። መጋቢት ሳያልቅ በጥቁሩ ዐለት ላይ የብረት ቀለበት ተተከለ፤ አዲስ ገመድና ዊንች መጥቶ ከብሎኩ አጠገብ በሸራ ተሸፈነ። ገመዱን የሚያስሩት ሠራተኞች ሚያዝያ ላይ፣ ሰኞ ቀን እንዲጀምሩ ተወሰነ።

ሪፖርቱ በተነበበ ዕለት ሦስቱ ዶርም ገብተው ነበር። መጀመሪያ የተናገረችው ዘርፌ ናት።

«የተነበበው የእኔ ቃል ነው።»

«አዎ» አለች ትርሲት።

«ለምን አልጠየቅሽኝም?»

«ብጠይቅሽ እሺ ትይኝ ነበር?»

«አልልም።»

«ለዚያ ነው።»

ዘርፌ ተነሥታ በሩ ጋ ደረሰች። የዲኑ ቢሮ ከዶርሙ ሩቅ አይደለም። አሁን ሄዳ ብትናገር ትርሲት ትባረራለች፤ ሪፖርቱም «የተሰረቀ» ይባልና ጉዳዩ እስኪጣራ ሥራው አይጀመርም። እጇን መዝጊያው ላይ አድርጋ ለረጅም ጊዜ ቆመች። ከዚያ ተመልሳ አልጋዋ ላይ ተቀመጠች።

«ገመዱ ይታሰር» አለች። «ከዚያ በኋላ እንነጋገራለን።»

መይራም ይህን ሁሉ ከአልጋዋ ላይ ሆና ሰማች።

ሠራተኞቹ ሊጀምሩ አራት ቀን ሲቀራቸው፣ ሐሙስ፣ የገበያ ቀን ነው፣ መምህር ጥላዬ ክፍሉን ይዘው ለመለካት ወንዙ ዳር ወረዱ። እዚህ ፀሐይ ነበር። ከላይ፣ ከተራራው በኩል ግን ሲዘንብ ሰንብቷል። ወደ ስድስት ሰዓት ገደማ ውሃው ቀላ፤ ከዚያ ቅርንጫፍና ሣር ይዞ መጣ። መይራም ይህን ቀለም ታውቀዋለች። ቁጥር የምትጽፍበትን ደብተር ዘግታ ቆመች።

ሩብ ሰዓት ሳይሞላ ወንዙ የማዶውን ዳር መብላት ጀመረ። ከዚያ የመሰንጠቅ ድምፅ ተሰማ፤ ብሎኩ አንድ ስንዝር ወደ ፊት ተንሸራተተ። የቀኙ ገመድ ላላ፤ ድልድዩም ወደ አንድ ጎን አዘነበለ። በላዩ ላይ ሠላሳ ስምንት ሰው ነበረ፤ አብዛኞቹ ከገበያ የሚመለሱ ሴቶች ናቸው። ሸክማቸው ወደ ውሃው ሲገባ ራሳቸው ጣውላው ላይ ተቀምጠው የሽቦውን መያዣ አንቀው ያዙ። ጣውላው እንደ ጣራ ስለተዳፋ አንድ እርምጃ የሞከረ ሁሉ ይንሸራተት ነበር።

«ማንም እንዳይንቀሳቀስ!» አሉ መምህር ጥላዬ። ወደ ተማሪዎቹም ዞረው፣ «ከእናንተ አንድም ሰው ድልድዩን እንዳይረግጥ። ብሎኩ ተጨማሪ ክብደት አይችልም» አሉ። ልክ ነበሩ። ለወረዳው ተደወለ፤ ሠራተኞቹ በሁለት ሰዓት ውስጥ እንደሚደርሱ ተነገረ።

ዘርፌ ወደ መምህሩ ቀረበች። «ሁለት ሰዓት አይቆይም፣ መምህር። አፈሩ ውሃ ጠጥቷል። ሃያ ደቂቃ ቢቆይ ነው።»

«በምን አወቅሽ?»

«አውቀዋለሁ።»

መምህሩ ዐይኗን አዩ። በዚህ ጊዜ አልተከራከሯትም። ግን የሚያደርጉት ጠፋቸው።

ዊንቹም ገመዱም ማዶ፣ ሸራው ሥር ነው፤ እዚያ ደግሞ ዊንች የሚያውቅ ሰው የለም። ዊንች የተለማመዱ ሠላሳ የሚሆኑ ወንዶች እዚያው ቆመው ነበር። ፈሪዎች አልነበሩም፤ አትርገጡ ተብለዋል፣ ምክንያቱም ገብቷቸዋል። መይራም ጫማዋን አወለቀች። መምህር ጥላዬ ክንዷን ያዙ።

«ክብደት ትጨምሪያለሽ። ሁሉንም ትጨርሻቸዋለሽ።»

«ካልሄድኩ ያልቃሉ» አለች። ክንዷን አስለቅቃ ገባች።

ቀስ ብላ አልሄደችም፤ ሮጠች። በተቀመጡት ሰዎች መካከል የግራውን ገመድ ይዛ ስታልፍ ድልድዩ ተናወጠ። መሀል ላይ ስትደርስ ብሎኩ እንደገና ተንሸራተተ፤ ሁለት ጣውላዎች ተነቅለው ወደቁ። ወይዘሮ አዛለች የሚባሉ ቅቤ ነጋዴ እግራቸው በክፍተቱ ገብቶ በብረቱና በጣውላው መካከል ተቀረቀረ፤ አጥንቱ ሲሰበር አጠገባቸው ያሉት ሰሙት። መይራምም ሰማች፤ ግን አልቆመችም።

ማዶ ደርሳ ሸራውን ገፈፈች። ገመዱን በብሎኩ ዙሪያ አዞረች፤ ጫፉን ከዊንቹ፣ ዊንቹን ከዐለቱ ቀለበት አያያዘች። ከዚያ እጀታውን ወዲህና ወዲያ መሳብ ጀመረች። ወዲህ ያሉት ሰዎች ትከሻዋ ሲወጣና ሲወርድ ያያሉ። ገመዱ ተወጠረ። ብሎኩ አንድ ጊዜ ተንገጫገጨና ቆመ። በደረታቸው እየተሳቡ ከሁለቱም በኩል ሰዎች መውጣት ጀመሩ። ወይዘሮ አዛለችን ሁለት ሰዎች ጎትተው አወጧቸው። ሠላሳ ስምንቱም ወጡ። ከአርባ ደቂቃ በኋላ ወንዙ ብሎኩን ከነአፈሩ ገለበጠው፤ ባዶው ድልድይ ውሃው ውስጥ ገባ።

በሳምንቱ ኮሌጁ ስብሰባ ጠራ። ዲኑ፣ ዶክተር ወልደሰንበት፣ ተማሪዎቹና የማዶ ሰዎች ባሉበት መይራምን አመሰገኑ። ቀጥለውም ቀለበቱንና ገመዱን ያስመጣውን ሪፖርት የጻፈችውን ትርሲትን ጠርተው እንድትቆም አደረጉ። ሰዉ አጨበጨበ። አባቷ ከፊት ተቀምጠዋል። ትርሲት ጭብጨባው እስኪያበቃ ጠበቀች።

«ሪፖርቱ የዘርፌ ነው» አለች። «በጥቅምት አቅርባው ሳይነበብ ተመለሰላት። እኔ የለወጥኩት ስሟንና አንድ ዓረፍተ ነገር ነው።»

አባቷ አንገታቸውን ደፉ። የኮሌጁ ደንብ የሰው ሥራ በራሱ ስም ያቀረበ ይባረራል ይላል፤ ትርሲት ይህን ታውቃለች። ባትናገር ኖሮ ከዘርፌና ከመይራም በቀር የሚያውቅ አልነበረም፤ ሁለቱም አልተናገሩም ነበር።

አሁን ነገሩ የሚከብደው እዚህ ላይ ነው። በዚያ ዓመት ለከፍተኛ ትምህርት ኮሌጁ አንድ ቦታ ብቻ ተሰጥቶት ነበር። የተመረጠው ተማሪ ሁለት ዓመት የድልድይ ሥራ ተምሮ ይመለስና በመምህር ጥላዬ ቦታ ያስተምራል፤ እሳቸው ጡረታ ይወጣሉ። ኮሌጁ ከተከፈተ ጀምሮ በዚያ ክፍል ሴት አስተምራ አታውቅም። የማዶ ሰዎች ሽማግሌዎቻቸውን ልከው፣ «ቦታው ያዳነችን ልጅ ይሁን» አሉ። ስለ ቦታው የሚመክረው የኮሌጁ ጉባኤም ተስማማ። ግን ያዳነቻቸው የትኛዋ ናት?

መምህር ጥላዬ የጉባኤው አባል ነበሩ። ገና ሲጀመር ተነሡ። «እኔ በዚህ ነገር ድምፅ የምሰጥበት አፍ የለኝም» ብለው ወጡ። ከዲኑ ሌላ ስድስት አባላት ቀሩ። ሦስቱ ሴቶች አንድ በአንድ ተጠሩ።

ዘርፌ ገባች። ዲኑ፣ «አራት ወር ሙሉ ለምን ዝም አልሽ? ድልድዩ በዚያ ጊዜ ቢወድቅስ ኖሮ?» ሲሉ ጠየቋት።

«እሱን ሳስብ እንቅልፍ አይወስደኝም» አለች። «ግን አንድ ጊዜ ተናግሬ ነበር። ሁለተኛ ጊዜ ዝም ያልኩት ደግሞ ሥራው እንዳይቆም ብዬ ነው። ገመዱ የት እንደሚታሰር ያወቅሁት እኔ ነኝ። ያንን ባላውቅ ኖሮ ትርሲት ምን ትገለብጥ ነበር? መይራምስ ከምን ጋር ታስር ነበር?»

ትርሲት ገባች። «የሰው ሥራ መውሰድሽን ታውቂያለሽ?» አሏት።

«አውቃለሁ። ለስርቆቱ ቅጡኝ» አለች። «ውጤቱ ደስ ብሎኝ ነበር፤ ያንንም አልደብቅም። ግን ሪፖርቱ ሣጥን ውስጥ ነበር። በሣጥን ያለ ሪፖርት ቀለበት አያስተክልም። በእሷ ስም እንደማይነበብ አይቻለሁ፤ በእኔ ስም እንደሚነበብም ዐውቄያለሁ። ያለኝ ነገር ስሜ ነበር፤ እሱን አደጋ ላይ ጣልኩ።»

መይራም ገባች። «ትእዛዝ ጥሰሻል። የሰው እግር ተሰብሯል» አሏት።

«ወይዘሮ አዛለችን ሆስፒታል ሄጄ ይቅርታ ጠይቄያለሁ» አለች። «የተሰበረው በእኔ ሩጫ ነው። ቀስ ብል ኖሮ ምናልባት አይሰበርም ነበር፤ ምናልባትም አልደርስም ነበር። አላውቅም። ሁለቱ የጻፉት ትክክል ነበር። ግን ሐሙስ ዕለት ገመዱ ሸራ ሥር ነበር። ሠላሳ ስምንቱ ሰዎች ድልድዩ ላይ ነበሩ።»

ወይዘሮ አዛለችም በምርኩዝ ተደግፈው መጥተው ነበርና ተጠየቁ። «እግሬን የሰበረችብኝ እሷ ናት» አሉ። «ነፍሴንም ያተረፈች እሷው ናት። የቀሩትን ሁለቱን አላውቃቸውም። ግን ባያውቁኝም ለእኔ የሠሩ ናቸው አሉ። እኔ በዚህ ላይ አልፈርድም።»

ስድስቱ አባላት ሦስት ቀን ተከራከሩ። ሁለቱ፣ «ቦታው የዘርፌ ነው። ዕውቀቷን ንቀን ገፋናት፤ አሁንም ብንነፍጋት ሁለተኛ መግፋት ነው» አሉ። ሁለቱ፣ «ትርሲት ናት። እኛ የዘጋነውን ጆሮ ከፈተች፤ ከዚያም ማንም ሳያስገድዳት እውነቱን አወጣች። ደንቡም ይቅር ሊላት ይገባል» አሉ። ሁለቱ ደግሞ፣ «መይራም ናት። ከልክለናት ሳለ ራሷን አስተማረች፤ ሰዓቱ ሲደርስ የሄደችው እሷ ናት» አሉ። አንዱም ከአሳቡ ንቅንቅ ስላላለ ውሳኔው ለዲኑ ቀረ።

ዲኑ ዓርብ በአሥራ አንድ ሰዓት ስም መላክ አለባቸው። ካልላኩ ቦታው ለሌላ ኮሌጅ ይሰጣል። አሥራ ሰባት አዳዲስ ሴት ተማሪዎች በመስከረም ወደ ክፍሉ ይገባሉ፤ ከሁለት ዓመት በኋላ ፊታቸው ቆማ የምታስተምራቸው ይህች የምትመረጠው ናት። ሦስቱ ሴቶች ከቢሮው ደጅ አንድ አግዳሚ ላይ ተቀምጠዋል። አንዷም ተነሥታ አልሄደችም። ውስጥ፣ ደብዳቤው ተጽፎ አልቋል፤ የጎደለው አንድ ስም ብቻ ነው። ሰዓቱ አሥር ተኩል ሆኗል።

አንዷ ዐወቀች፣ አንዷ አስደመጠች፣ አንዷ ተሻገረች። ከሦስቱ አንዷ ብትጎድል ሠላሳ ስምንቱ በሕይወት አይኖሩም ነበር። ሦስቱም ደግሞ የሚጠየቁበት ነገር አላቸው።

እናንተ በዲኑ ወንበር ብትቀመጡ፣ ቦታው የሚገባው ለማን ነው? የማንን ስም ትጽፋላችሁ?